በፔሩ ዜማ ተጣልተን

ውድ ኤጀታ፣

«እንዴት ነህ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተናደድኩና ተውኩት። ደህና መሆንህንማ እህትህ ኢብሲቱ ነግራኛለች። ያንን ትልቅ የጭነት መኪና ይዘህ ከስቴት ስቴት ትዞራለህ፤ ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ ለእሷ ትደውላለህ። ለእኔ ሲሆን ስልክህ ዝግ ነው። የላክሁልህ መልእክት ሁሉ ሳይነበብ ተደርድሮ ይታየኛል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ጽፌ ለኢብሲቱ ልሰጣት ነው። ልብስ ልትቀይር ኒው ሆፕ፣ እሷ ቤት፣ ስትገባ ትራስህ ላይ ታገኘዋለህ። ወረቀት ብሎክ አይደረግም።

ኮንሰርቱ ባለፈው እሁድ ተደረገ። ያንተን ሶሎ ሮጀር ተጫወተው። አዎ፣ የጥርስ ሐኪሙ ሮጀር፣ ከጎንህ ሁለተኛ ክላሪኔት የነበረው። አበላሸው ብዬ ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላበላሸውም። እያንዳንዱን ኖታ በቦታው አስቀመጠ፤ ሕዝቡ አጨበጨበለት፤ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር፣ ደስ ብሎት። እኔም ጥርሴን ነክሼ አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? ሰውየው ምን አጠፋ?

የጠፋኸው አንተ ነህ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳብሰለስለው የሚያቃጥለኝም ይሄው ነው። ስንት ነገር ችለን ያለፍን ሰዎች፣ ሄደን በማናውቀው አገር፣ አይተናት በማናውቃት ሴትዮ ዜማ ተጣላን። ለሰው ስነግረው እንኳ ያሳፍረኛል። ሥራ ቦታ አንዷ ነርስ «ፍቅረኛሽስ?» ስትለኝ «በፔሩ ሙዚቃ ተጣልተን ሄደ» ልበላት?

አጀማመሩን ታስታውሳለህ? መቼም ረስተኸዋል አልልም። መጸው ነበር፤ ሆፕኪንስ፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ማክሰኞ ምሽት። ሊንዳ የመሪነት ዱላዋን አስቀምጣ አዲሱን ኖታ ስታድል እንደ ልማዷ ይቅርታ እየጠየቀች ነበር። «ትንሽ ይከብድ ይሆናል፣ ግን ትወዱታላችሁ» አለች። «የወንዝ ማዶ ጭፈራዎች» ይላል ርእሱ። ሩፊና ኪስፔ የምትባል የፔሩ ሴት ከአገሯ ደጋ መንደሮች የበዓል ጭፈራ ተነስታ ለኦርኬስትራ የጻፈችው፣ ባለ ሦስት ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ክፍል እየተደናበርን ጨረስነው። ሁለተኛው ላይ ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ክላሪኔቱ ብቻውን ይጀምራል።

ቪዮላዎቹ የምንቀመጠው ከፊትህ ስለሆነ ፊትህን አላየሁም። የሰማሁት ድምፁን ብቻ ነው። አምስት ድምፅ ነው የሚመላለሰው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይንጠለጠልና ያርፋል። ባቲ ነው እኮ! በሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስንት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ላይ የተንቆረቆረው ቅኝት፣ ይኸው ከፔሩ ተራራ ወርዶ ሆፕኪንስ መጣ። ትከሻዬ ሳላዘው ተንቀሳቀሰ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጡረተኛ መምህርት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «በረደሽ እንዴ?» አለችኝ።

እረፍት ላይ ሮጬ ነው ወዳንተ የመጣሁት። «ኤጁ፣ ሰማኸው? ባቲ ነው! የእኛ ነው!»

«የማን?» አልከኝ እየሳቅክ።

«የእኛ ነዋ። የወሎ።»

«ይሄማ አኮዬ ወለጋ ሆና ሙሽራ ስትሸኝ የምታዜመው ነው። እሷ ደግሞ ወሎ የት እንዳለ አታውቅም።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ከፔሩ ሰምተነው ነው» አልኩህ፤ ሳቅን። ሁለታችንም ከልባችን ሳቅን እኮ። ሀይዌይ 169 ላይ እስከ ቤቴ ድረስ ዜማውን እያንጎራጎርን ነው የሄድነው፤ አንተ እንደ አያትህ እንደ አኮዬ፣ እኔ እንደ ወሎዬ፣ አንዱ የሌላውን ሊያስረሳ እየጮኸ። መኪናህ ውስጥ ፖለቲካ አይነሳም ብለን ሕግ አውጥተን አልነበር? ያን ቀን ሕጉን የጣስን አልመሰለንም። ዘፈን ነዋ፣ ዘፈን ምን ያደርጋል ብለን።

ከዚያ ሊንዳ፣ ነፍሷን አይማር ብዬ ልረግማት አልፈልግም፣ ደግ ሴት ናት፣ ያቺን ሐሳብ አመጣች። ከኮንሰርቱ በፊት ሁለታችን ታዳሚው ፊት ቆመን ይሄ ዜማ ከአገራችን ዜማ ጋር እንዴት እንደሚቀራረብ ጥቂት እንድንናገር። ደስ አለን። ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን መጻፍ ጀመርን። እኔ «በኢትዮጵያ» ብዬ ጻፍኩ። አንተ «በኦሮሞ ዘንድ» በይ አልክ። ሁለቱንም እናድርገው አልኩ። የቱ ይቅደም አልክ። በፊደል ተራ አልኩ፤ በየትኛው ፊደል አልክ። መጀመሪያ ሁለታችንም ስንቀልድ ነበር፤ በኋላ ግን አንድ ቦታ ላይ ቀልዱን አቆምን፤ የቱ ጋ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ያ ንግግር ሳይጻፍ ቀረ። ሊንዳም ነገሩን ስታይ «ምንም አይደለም፣ ጊዜም አይበቃንም ነበር» ብላ ተወችው። እዚህ አገር ሰው ነገር ሲሸተው የሚናገራት ቃል ይቺ ናት።

እሷ ብትተወውም እኛ ግን አልተውነውም። እኔ የልምምዱን ቪዲዮ ለዘመድ ላክሁ፤ አንተም ለዘመድ ላክህ፤ ዘመድ ደግሞ ለዓለም ላከው። አንዱ «የኢትዮጵያ ዜማ በአሜሪካ ኦርኬስትራ» ብሎ ለጠፈው፤ ሌላው ያንኑ ቪዲዮ «የኦሮሞ ዜማ በአሜሪካ ኦርኬስትራ» ብሎ ለጠፈው። ከዚያማ ጉድ ፈላ። ከሲያትል እስከ ዱባይ ያለ ሰው በሙሉ ሥራውን ትቶ ሥራችን ላይ ወረደ። አንተን የማያውቅ ለአንተ ተሳደበ፤ እኔን የማያውቅ ለእኔ መለሰ። የአጨዋወትህን ውበት ያነሳ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ስለ ፔሩ ያነሳ ደግሞ አንድም የለም። ይሄን ሁሉ ስድብ አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ፤ «ለመሆኑ ይሄን የጻፈው ማን ነው?» ያለ አንድ ፍጡር አላገኘሁም። አንተም እንደምታነበው አውቃለሁ፤ ስልክህን ፊትህ ላይ ገትረህ ግንባርህን ስትቋጥር ስንቴ አየሁህ።

እንግዲህ ቡርንስቪል፣ ጋሽ ካሳዬ ቤት፣ የሄድነው በዚያ ሰሞን ነው። ቀኑን ብናዛውረው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ግን ጋሽ ካሳዬ አባቴን ተክተው ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ሊያዩህ ፈለጉ፤ አንተም ሸሚዝህን ተኩሰህ፣ ጫማህን ወልውለህ መጣህ። ያን ቀን ቆንጆ ነበርክ። ይሄንንም ሳልወድ ነው የምጽፈው።

ምግቡ ሳይነሳ ጋሽ ካሳዬ መነጽራቸውን አደረጉና ስልካቸውን አወጡ።

«አንተ ልጅ፣» አሉህ፣ «መሣሪያውን እንኳ አሳምረህ ትነፋዋለህ። ግን ይሄን ምን ብለው ነው የጻፉበት? ባቲን ይዛችሁብን ልትሄዱ ነው?»

አንተ በትህትና ነው የመለስከው፤ ያንን እመሰክራለሁ። «ጋሽ ካሳዬ፣ እኔ አልጻፍኩትም። ግን ዜማውን አያቴ ስታዜመው ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ እሱን ልክድ አልችልም።»

«አያትህስ ከየት ሰምተውት?»

በቃ። ይቺ ናት ቃሏ። ሹካህን በቀስታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥክ። ወደ እኔ አየህ። አፌ ውስጥ ጉርሻ ነበር፤ እስክውጠው አልጠበቅከኝም። ብድግ አልክና «ብርዱ ከባድ ነው፣ መኪናውን ላሙቅ» ብለህ ጃኬትህን አንጠልጥለህ ወጣህ።

እኔ ደግሞ አመንኩህ። ለምን አላምንህ? በዚህ ስቴት ክረምት መኪና ላሙቅ ብሎ የወጣ ሰው ተመልሶ ይገባል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ አስነስቶ፣ መስታወቱን ጠርጎ፣ እጁን እያሻሸ ይመለሳል። አንተ ስትወጣ የሆነውን ስለማታውቅ ነው ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው። ዝም ብላ ተቀመጠች ብለህ እስከ ዛሬ ታስባለህ፤ ኢብሲቱ ነግራኛለች። ዝም አላልኩም።

«ጋሽዬ፣ የሰው አያት እንደዚህ ይባላል?» አልኳቸው።

«ምን አልኩ? ጠየቅኩ እንጂ።»

«ዜማው የእርስዎም አይደለም፣ የእሱም አይደለም። የሴትዮዋ ነው።»

«የየቷ ሴትዮ?»

«የጻፈችው! የፔሩዋ!»

ጋሽ ካሳዬ መነጽራቸውን አውልቀው ትኩር ብለው አዩኝ። «እሷስ ከየት ሰማችው?» አሉኝ።

ለአያትህ ያሉትን ቃል በቃል ለፔሩዋም አሉላት። ቤትሆቨንም ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣ ያንኑ ይጠይቁታል። ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም፤ ዕድሜ ልኬን «እሺ ጋሽዬ» ስል የኖርኩ ነኝ። የአንተን አያት፣ የአንተን ቤተሰብ፣ አንተን እንዴት እንደምወድህ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ፤ አንተ ፊት ተናግሬው የማላውቀውን ሁሉ። ከዚያ ካፖርቴን ለብሼ በሩን ጓ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ፣ ሞቃት መኪና ውስጥ ልገባ።

የጎማህ ምልክት በረዶው ላይ ቀርቷል። አንተ የለህም።

አስበው እስቲ። በሩን በዚያ ዓይነት ዘግቼ ወጥቼ እንዴት ተመልሼ «ጋሽዬ፣ ትቶኝ ሄደ» ልበል? ከጎረቤቱ ጋራዥ ሥር ተጠግቼ ኡበር ጠራሁ፤ እስኪመጣ ቅንድቤ ላይ በረዶ ሠራ። ለአንተ ስል አጎቴን አስቀይሜ፣ አንተ ደግሞ እኔን ጥለህ፣ በአንድ ምሽት ሁለታችሁንም አጣሁ። ቆሽቴ ያረረው ያን ጊዜ ነው፤ እስካሁንም አልበረደም።

ማግስቱን የላክህልኝ መልእክት አንድ ብቻ ነው። «ይሄን ሁሉ ዓመት ከቤተሰቤ ጋር ስትቀመጪ አንድ ዓረፍተ ነገር ኦሮምኛ አልተናገርሽም» ይላል። ከዚያ ብሎክ። ይሄ ፍትሕ ነው? እናትህን «አከም ጅርቱ» ብዬ ደህንነቷን የጠየቅኩ ቀን አንተ አይደለህ እንባህ እስኪወርድ የሳቅክብኝ? ከዚያ በኋላ ገና አፌን ሳልከፍት እየቀደመ የሚያስተረጉምልኝስ ማን ነው? አስተምረኝ ስልህ «ቀስ ብለሽ ትለምጂዋለሽ» ትላለህ። አራት ዓመት ቀስ አልኩ።

አንድ ነገር ግን ሳታስተምረኝ ተምሬአለሁ፤ አታውቀውም። ኦርኬስትራው ውስጥ የገባሁ ሰሞን፣ እንደ አሁኑ ሳንተዋወቅ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው ዝም የሚልባቸውን ምቶች በሹክሹክታ ሲቆጥር ሰማሁ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር። ዞሬ ሳይ አንተ ነበርክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም የምቆጥረው በዚያ ነው። ኖታ ላይ ዝም በሉ የሚል ሲመጣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አልቆጥርም። ኦሮምኛዬ ይቺው ናት፤ ትንሽ ናት፣ ግን ማንም አልሳቀባትም።

ከዚያ ምሽት በኋላ በመጣው ማክሰኞ ወንበርህ ባዶ ሆነ። የዚህ አገር ሰው ደግሞ አይጠይቅም። አጠገቤ የምትቀመጠው መምህርት ኩኪስ ጋግራ አመጣችልኝ። ሮጀር «ዘንድሮ ክረምቱ ከበደ» አለኝ። ሊንዳ ትከሻዬን ነካ አድርጋ አለፈች። አንድ ሰው እንኳ «የት ሄደ?» ቢለኝ ኖሮ ሁሉንም ዘርግፌለት በወጣልኝ ነበር። ኩኪሱን በላሁት፤ ምን አማራጭ አለኝ።

ኢብሲቱ ጋ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሩን ከፍታ ሳትሰላመኝ ነው የጀመረችው።

«እኔ በዚህ ነገር አልገባም፣ ጽጌ። ሁለታችሁም ድራማ አንወድም ትላላችሁ፣ ከእናንተ በላይ ድራማ የለም። ቴክስት አድርጋት አልኩት። ጭነት ይዣለሁ፣ ሎድ ላይ ነኝ አለኝ። ሁሌ ሎድ ላይ ነው!»

«ስለ እኔ ምን አለ?»

«ምንም። ግን ክላሪኔቱን ይዞት ነው የሄደው። ትራኩ ውስጥ ነው ያለው። ኦኬ? እኔ አልነገርኩሽም።»

ይቺን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የማትነፋው ከሆነ ምን ያደርግልሃል? የምትነፋው ከሆነስ ማን ሰምቶህ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከኮንሰርቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ልምምድ ላይ ሩፊና ኪስፔ ራሷ መጣች፣ ከቺካጎ። ትልቅ ሴት ጠብቄ ነበር፤ አጭር ናት፣ ጉንፋን ይዟታል፣ ስካርፏን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ከኋላ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ክፍል ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። ሦስተኛው ላይ ግን ብድግ አለች። ታውቀዋለህ፤ ኦርኬስትራው ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱን ወገን የእኛ ቪዮላዎች ይመራሉ፣ ሌላውን ክላሪኔቱ፣ ያው አንድ ዜማ ነው፣ ግን አንዱ ወገን ትንሽ ዘግይቶ ይነሳል። ሊንዳ ክረምቱን ሙሉ «ተደማመጡ፣ አንዱ ለአንዱ ቦታ ይስጥ» ስትለን እንደነበር ትዝ ይልሃል።

«አቁሙ፣ አቁሙ!» አለች ሩፊና። «ምነው እንደዚህ ጨዋ ሆናችሁ? አትደማመጡ!»

ሊንዳ ይቅርታ ጠየቀች። ሩፊና አፍንጫዋን እየጠረገች አስረዳችን። የእናቷ መንደርና ከወንዝ ማዶ ያለው መንደር በበዓል ቀን የየራሳቸውን ባንድ ይዘው አደባባይ ይመጣሉ። ፊት ለፊት ቆመው፣ በአንድ ጊዜ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይነፋሉ። የሌላውን ሰምቶ የራሱ የጠፋበት ተሸነፈ። ደክሞት አደባባዩን ጥሎ የሄደም ተሸነፈ። አጎቷ አንድ ጊዜ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቶ ዛሬም ድረስ ይተረትበታል አለች።

እረፍት ላይ አላስችል አለኝና ሄድኩባት። የሄድኩት ፍርድ ፍለጋ ነው፤ አልዋሽህም። «ሁለተኛው ክፍል ላይ ያለው ዜማ በትክክል የማን ነው?» አልኳት።

«የእናቴ ሰዎች የእኛ ነው ይላሉ። ማዶዎቹ ሰረቃችሁን ይላሉ።» ሻይዋን ፉት አለች። «አሁን ደግሞ እናንተ መጣችሁ።»

ቪዲዮውን አይታዋለች፣ ኤጀታ። ጽሑፉን እየቀዳች በስልኳ አስተርጉማ አንብባዋለች። «ያን ሁሉ ሰው ሲጣላ አየሁ፤ ስሜን አንድ ሰው እንኳ አልጻፈም» አለችኝ። አልጮኸችም፣ ደክሟት ነው የተናገረችው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ለራሴም፣ ለአንተም፣ ለሲያትልም፣ ለዱባይም። እሷም «ይሁን» አለችና ዙሪያዋን ቃኝታ «ቪዲዮው ላይ ያለው ክላሪኔት የታለ?» አለችኝ።

«ሄደ» አልኳት።

«ከጠብ በኋላ?»

«በመካከል።»

«እንግዲያ ተሸነፈ» አለች፣ ልክ ዝናብ ዘነበ እንደማለት፣ ወደ ከበሮዎቹም ሄደች።

እሁድ ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ረድፍ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጋሽ ካሳዬን። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት። ከዚያ ምሽት ወዲህ አልተነጋገርንም ነበር። ሮጀር ሶሎውን ተጫወተ፤ ነግሬሃለሁ። ሦስተኛው ክፍል ደረሰ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር ብዬ ቆጠርኩና ገባሁ፤ በሙሉ ኃይሌ፣ በሙሉ ንዴቴ፣ በረዶ ላይ ቆሜ የጠበቅኩትን ኡበር ሁሉ ቀስቴ ላይ ጭኜ። ሮጀርስ? ሮጀር ትንሽ ታገለ፤ ከዚያ ሰማኝ፤ ከዚያ በጨዋነት ተከተለኝ። ዜማው አንድ ሆነ። ሰው አጨበጨበ፣ ተነስቶ አጨበጨበ። አሸነፍኩ። እንደዚያ ቀን ያለ ንዴት ተናድጄ አላውቅም፤ የሚገጥመኝ አጥቼ ነው ያሸነፍኩት።

ካለቀ በኋላ ጋሽ ካሳዬ መድረኩ ሥር ጠበቁኝ።

«ልጁ የታለ?» አሉኝ።

«የትኛው ልጅ?»

«ክላሪኔቱ ነዋ። ልከራከረው እኮ ነው የመጣሁት። ስለ ባቲ ሳስብበት ቆይቼ ጥሩ መልስ አግኝቻለሁ።»

«ጋሽዬ፣ አስቀይመውት ሄዷል እኮ!»

«ተከራከርን እንጂ መች ተጣላን?» አሉ፣ ከልባቸው ገርሟቸው። «ሽማግሌዎቹንስ መቼ ነው የሚልከው? ፋሲካ እየደረሰ አይደለም?»

ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። «አያቱ በሕይወት አሉ?» አሉኝ።

«የሉም።»

«ነፍስ ይማር። ጥሩ ጆሮ ነበራቸው።»

ይሄ የጋሽ ካሳዬ ይቅርታ ነው። እኔ በዕድሜዬ ከዚህ የበለጠ አግኝቼ አላውቅም፤ አንተም አትጠብቅ። መኪናቸው ድረስ ሸኘኋቸው፤ እየሄዱ «ባቲ ግን ባቲ ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ስማኝ፣ ኤጀታ። ዜማው የማን ነው የሚለውን አልፈርድልህም፤ ለጋሽ ካሳዬም አልፈረድኩም። ምናልባት ዕድሜ ልካችንን አንስማማበትም። ልጅ ብንወልድ እሽሩሩ የምንልበትን እንኳ ስንጣላበት ይታየኛል። ይሁን። ሊንዳ በበጋ ሐይቁ ዳር ባለው መድረክ ይሄንኑ ሙዚቃ ደግመን እንድንጫወተው ወስናለች። ሮጀርን ጠይቄዋለሁ፤ «ቦታው የእሱ ነው፣ እኔማ ልቤ ሊቆም ነበር» ብሎኛል። ቪዲዮውንም ዛሬ ጠዋት እንደገና ለጥፌዋለሁ፤ ከላዩ ላይ የተጻፈው «ሩፊና ኪስፔ» ብቻ ነው። ለሁለታችን አስተያየት የሚሆን ብዙ ቦታ ከሥሩ አለ።

ና። ከኋላዬ ተቀመጥና ፊት ሳትሰጠኝ ንፋ። አትስማኝ፣ አትከተለኝ፣ ጨዋ አትሁንብኝ። እኔም አልለቅህም። የምትከራከረው ካለህ ፊቴ ቆመህ ተከራከር፤ የምትስቅብኝ ከሆነም ፊቴ ሳቅ፤ እናትህንም አንተ ሳታስተረጉም አናግራታለሁ። የማልችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዶ ወንበር መግጠም አልችልም።

መኪናውን ላሙቅ ብለህ ነው የወጣኸው። እስካሁን ሞቆልህ ይሆናል፤ ተመለስና ግባ።

አደባባዩን ያልለቀቀችው
ጽጌሬዳ